አሚን ባይዋ

ታናሽ እህቴ እጇን ዘርግታ መመረቅ ስትጀምር መንደሯ ግራና ላይ ውሻ እንኳ አይጮኽም ይላሉ። ውሸት ነው። ውሻ ይጮኻል፤ አጠገቧ ስለምቀመጥ አውቃለሁ። ሰዉ ግን ውሻውን አይሰማውም፤ የሚሰማው እሷን ነው። ድምጿ ከፍም አይል፣ ዝቅም አይል፤ በቦይ እንደሚሄድ ውሃ ነው። «ከደጃችሁ እንግዳ፣ ከጓዳችሁ ዱቄት አይታጣ» ስትል ቤት ሙሉ ሰው «አሚን!» ይላል። «ዘርቶ ለመቃም፣ ወልዶ ለመሳም ያብቃችሁ» ስትል «አሚን!»

ከአሚኑ ሁሉ የሚጎላው የእኔ ነው። ድምፄ ወፍራም ስለሆነ የሌላውን ከሥር ሆኖ ይይዘዋል። ሴቶቹ «የእርስዎን አሚን የሚያህል የለም» ይሉኛል፣ ደስ እንዲለኝ ብለው። ዱዓው ሲያበቃ ግን ሁሉም ተጋፍቶ የሚስመው የእህቴን ጉልበት ነው። እኔን «ደህና ይዋሉ እማማ» ብለው፣ ደጃፍ ላይ እንደተወለቀ ጫማ ተሻግረውኝ ይወጣሉ።

ቅናት ነው። ሌላ ስም አላወጣለትም። ቅናት የወጣት ነው ይባላል፤ ጥርስ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ግን ይብሳል። የሚታኘክበት ስለሌለ እንዳለ ነው የሚዋጠው።

በዚያ ላይ ታላቋ እኔ ነኝ። በእኛ አገር ታላቅ ተቀምጦ ታናሽ አይመርቅም። ይህን ወግ የማያውቅ ሰው ግራና ውስጥ የለም፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ደግሞ ወደ እሷ ይሄዳል። መርጦ የሾማት የለም። አንድ ክረምት የጎረቤት ልጅ ምጥ ጠንቶባት ሐኪም ቤት የሚያደርሳት መኪና በጭቃ ተይዞ ሳለ፣ እህቴ ሆዷ ላይ እጇን አድርጋ መረቀቻት፤ ልጅቱም መኪናው ሳይወጣ በሰላም ተገላገለች። ከዚያ ወዲህ ማን ያስቁማቸው። ዘር የሚዘራው፣ ፈተና የሚቀመጠው፣ ዳኛ ፊት የሚቀርበው ሁሉ እሷን ሳያይ አይሄድም። አሁን ደግሞ ስልክ መጣ። ከጅዳ ይደውሉላታል። «እምዬ፣ ይመርቁኝ፣ ወላሂ እንቅልፍ አጥቻለሁ» ይላሉ ዓረብ አገር ያሉት ልጆች። እሷ ስልኩን መሬት ላይ ታስቀምጥና እጇን ትዘረጋበታለች፤ ውስጡ ሰው እንዳለ። እኔም አጎንብሼ «አሚን» እላለሁ፣ ጅዳ ድረስ።

እኔ ደግሞ ዘዋሪ ነኝ። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ባሌ ከሞተ በኋላ መርሳ መንገድ ዳር፣ መኪና የሚቆምበት ቦታ ላይ ማንጎና ጢንቅሽ እሸጥ ነበር። ፊደል ያስቆጠረኝ የለም፤ የለቀምኩት ከመኪና ግንባር ነው። «ወልዲያ» የሚለውን መጀመሪያ አወቅሁ፣ ቀጥሎ «ደሴ»ን፤ ከዚያ በኋላ ሌላው እየተጎተተ መጣ። ይህን የምጽፈውም በዚያችው የመንገድ ፊደል ነው። ልጆቼ ሲደርሱና ንግዱ ሲቀር ደግሞ ከአንዱ ቤት ወደ አንዱ መዞር ጀመርኩ፤ መርሳ ወንድ ልጄ ጋ፣ ወልዲያ ሴት ልጄ ጋ፣ ከዚያ ግራና እህቴ ጋ። «እማማ እኮ ሚኒባስ ናቸው፤ ሞላልኝ ካሉ ይነሳሉ» ይላል ልጄ።

የምዞረው ግን ለመጠየቅም ጭምር ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ነገር ይበላኛል፤ እኔ ለምን ተፈጠርኩ? ውርጌሳ ላይ አንድ ሼህ ጠየቅኋቸው። «ልንገዛው ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ። ወደ ወልዲያ በሚሄድ መኪና ውስጥ ደግሞ አጠገቤ የተቀመጡ ቄስ ጠየቅሁ። መስቀላቸውን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛውረው አዩኝና «ስሙን ቀድሰን ክብሩን እንድንወርስ ነው፣ እናቴ» አሉኝ። ሁለቱም እውነት ተናገሩ። ግን ይህ የሁሉም ሰው መልስ ነው። እኔ «መንደሩ በሙሉ ይምጣ» ተብሎ ከተለፈፈ ሰርግ የማልሄድ ሰው ነኝ፤ በስሜ ካልጠሩኝ አልነሳም። የምፈልገው በስሜ የሚጠራኝን ነበር።

እህቴን ጠይቄያታለሁ። የሽንኩርት መስኖዋ ላይ ሆና ውሃ ትመራለች፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ።

«እህቴ፣ ለምን እንደተፈጠርሽ ታውቂያለሽ?»

«አሁን?»

«አሁንም፣ ድሮም።»

«አሁንማ ሽንኩርቱ ውሃ ጠምቶታል» ብላ ዶማውን ሰጠችኝ። «ያንን ቦይ ዝጊልኝ እታለም፣ እያፈሰሰብኝ ነው።»

ቦዩን ዘጋሁላት። እኔ አገር ዞሬ ስፈልግ ያጣሁትን፣ እሷ ከመርሳ ገበያ ወዲያ ሳትሻገር፣ ሳትጠይቅ፣ ጭቃ ውስጥ እንደቆመች መጥቶላታል። ፈላጊው እኔ፣ የተገኘላት እሷ። ሰው በወርቅ ይቀናል፣ በልጅ ይቀናል፤ እኔ የቀናሁት «ለዚህ ነው የተፈጠረችው» በመባሏ ነው።

የእኔን ዕጣ ያወቅሁ የመሰለኝ አንድ ቀን ሲሪንቃ አካባቢ ነው። ዛፍ ሥር ስብሰባ አለ ተባለና ጥላ ፍለጋ ገብቼ ተቀመጥኩ። አንድ የግብርና ቢሮ ልጅ ቆሞ ይናገራል፤ አነጋገሩ ለስላሳ ነው፣ እጁንም እንደ ዱዓ አድራጊ ወደ ፊት ዘርግቷል። እኔ በሐሳብ ነጉጃለሁ። «ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ሊቆም ይችላል» ሲል እጄን ዘርግቼ «አሚን!» አልኩ። ከኋላዬ የተቀመጡትም የእኔን ሰምተው «አሚን!» አሉ። ልጁ ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው «ኧረ በአላህ! እኒህን ሴት አፋቸውን ያዙልን፣ ማሽላችንን ሊያስጨርሱን ነው!» አሉ። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። መንገድ ስገባ ግን ሳቁ ቀረና ወሬው ብቻ አብሮኝ ሄደ። አሚን ባይ። ለበጎውም፣ ለክፉውም፣ ላልሰማሁትም። የተፈጠርኩት ለዚህ ከሆነ፣ ምነው ባልጠየቅሁ አልኩ።

እንዲህ እንዳለሁ የልጅ ልጄ ኒካህ ደረሰ። የመርሳው ልጄ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ጨቅላ እያለች አቅፌ ያሳደርኳት፣ ጢንቅሽ ልጬ ያበላኋት፣ መጀመሪያ የቆመችው የእኔን ቀሚስ ይዛ ነው። የምትዳረው ወልዲያ ላለ ልጅ ነው። ወሬውን ስሰማ አንድ ነገር ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ከቤት ስትወጣ የምመርቃት እኔ ነኝ። እሷን አንድ ጊዜ፣ በራሴ አፍ መርቄ ከሸኘሁ፣ ያንን ጥያቄ ከዚያ በኋላ አላነሳውም። መንገድ ላይ ሁሉ ምርቃት ሳዘጋጅ ከረምኩ። አንዱ ከአፌ ሲመጣ የእህቴ ሆኖ አገኘዋለሁና እጥለዋለሁ፤ ሌላ አነሳለሁ፤ እሱም የእሷው ነው። ቃሉን ሁሉ ቀድማ ጨርሳዋለች።

ሰርጉ ሲቃረብ ልጅቱ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ጣቷ የእንሶስላ ጨርቅ ተጠቅልሎበታል።

«እማማ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ።»

«ንገሪኝ፣ የእኔ ጌጥ።»

«ስወጣ እምዬ እንዲመርቁኝ ፈልጌ ነበር። ከግራና በባጃጅ ይመጣሉ ወይ? ወገባቸውን ያማቸዋል እንዴ?»

እምዬ የምትለው እህቴን ነው። እኔን እማማ፣ እሷን እምዬ። ይህም ራሱ ሌሊት የሚያስነሳ ነበር፤ ዋጥኩት።

«ትመጣለች፣ ምን ሊያግዳት» አልኩ።

«እርስዎም አጠገባቸው ይሆናሉ አይደል? አሚኑን እንዲያደምቁልን።»

«አደምቃለሁ፣ ልጄ።»

ሳቅ ብዬ ነው የመለስኩላት። ከሄደች በኋላ ጓሮ ወጥቼ ማንጎው ሥር ተቀመጥኩ። አንድ ማንጎ ሳይበስል ወድቋል። አንስቼ ስይዘው ድንጋይ ነው። እንዲያው ይዤው ብዙ ቆየሁ፤ አልጥለው፣ አልበላው።

የኒካሁ ዕለት እህቴ በባጃጅ መጣች። ሰው ተሻምቶ አወረዳት። እኔ ያንኑ መንገድ ስመጣ የሚያወርደኝ ወያላ ነው፤ እሱም «ፍጠኑ እማማ» እያለ። ሳሎን ውስጥ መደቡ ላይ፣ ትራስ ተደርጎላት ተቀመጠች። ለእኔም ከጎኗ ቦታ ይዛልኝ ነበር፣ በመዳፏ መታ መታ እያደረገች ጠራችኝ። እንዳላየ ሆኜ በሩ አጠገብ፣ ከሴቶቹ መጨረሻ ተቀመጥኩ።

ሙሽራዋ ወጥታ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች፣ ሙሽራውም ከጎኗ። ወንድሟ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። ውጭ ግቢው ውስጥ ሞንታርቦ የሚተክሉ ልጆች ገመድ ይጎትታሉ። እህቴ እጇን ዘረጋች፤ ቤቱ ፀጥ አለ።

«ቢስሚላህ። አላህ ኸይሩን ያቅርብ፣ ሸሩን ያርቅ።»

«አሚን።»

«ትዳራችሁን የአብርሃም የሣራ ያድርገው።»

«አሚን።»

እኔ አላልኩም። አፌን ገጥሜ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ካለ እኔም ይበሉ አልኩ በሆዴ። የወጣቶቹ አሚን ስስ ነው፤ ግማሾቹ ስልክ ይዘዋል፣ ግማሾቹ ልብሳቸውን ያስተካክላሉ። እህቴ ሦስተኛውን ጀመረችና መሃል ላይ ቆመች። እጇ እንደተዘረጋ ዓይኗን ገለጠች።

«አሚኑ ምነው ቀጠነብኝ? እታለም የለችም እንዴ?»

«አሉ እምዬ፣ በሩ ጋ ናቸው» አለ አንዱ። ቤቱ ሙሉ ዞሮ አየኝ።

«ታመሻል?» አለች እህቴ።

«ደህና ነኝ።»

«ታዲያ?»

«አንቺ መርቂ። የጠሩት አንቺን ነው» አልኩ። ለስለስ አድርጌ ያልኩት መስሎኝ ነበር። ድምፄ ግን፣ እንዳልኩት፣ ወፍራም ነው።

ልጄ አንገቱን ደፋ። ሙሽራዋ በሻሹ ሥር አየችኝ፤ የተኳለ ዓይኗ ፈጠጠ። እህቴ እጇን አጥፋ ጭኗ ላይ አኖረችና ለብዙ ጊዜ አየችኝ። ልጅ ሳለን ሁለት ማማ ላይ ሆነን የአባታችንን ማሽላ ከግሪሳ ስንጠብቅ እንዲህ ታየኝ ነበር፣ ከሩቅ፣ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ። ያኔ አባታችንን እያስመሰለች ከማማዋ ላይ አዝመራውን ትመርቃለች፤ እኔ ከማማዬ «አሚን!» ብዬ ስጮህ ወፉ ይነሳል። የሚነሳው በእኔ ነበር፣ በእሷ አልነበረም። ይህንንስ ማን ያስታውሳል።

«መመረቅ ፈልገሽ ኖሯል እንዴ?» አለች።

ነጠላዬን አፌ ላይ ሳብ አደረግሁ።

«ማን ከለከለሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» አለች። አልተቆጣችም፤ የገረማት ነው የምትመስለው። «ያቺ ልጅ ስታምጥ የሚመርቅ ፍለጋ ዞሬ ዞሬ ሰው ሳጣ ነው። አንቺን ነበር የፈለግሁት። ታላቄ አይደለሽም? ወልዲያ ሄደች አሉኝ።»

ይህን ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም። ቅናቴ አልለቀቀኝም፤ እንዲያውም በሌላ በኩል ዞሮ ያዘኝ። ያንን ቀን ወልዲያ ባልሄድ ኖሮ ከጅዳ የሚደወለው ለእኔ ነበር ማለት ነው።

«ነይ» አለች፣ ትራሱን ወደ ጎን ገፍታ። «ልጅቱ የአንቺ አጥንት ናት። አሚኑን ዛሬ እኔ እላለሁ።»

ሴቶቹ ብብቴን ደግፈው አነሱኝ። መደቡ ላይ ስቀመጥ የእሷ ሙቀት ገና አለበት። ሙሽራዋ ጉልበቴን ስማ ግንባሯን እዚያው ተወችው። እጄን ዘረጋሁ። አየር ሳብኩ፤ ቤቱ ሁሉ ጆሮ ሆነ፤ ከአፌም የወጣው፦

«አሚን!»

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ከዚያ የሙሽራው አጎት «እማማ ከኋላ ጀመሩት!» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሙሽራዋ ጉልበቴ ላይ ሆና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። መሬት ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። አጠገቤ እህቴ ብቻ አልሳቀችም።

«ምን ያስቃችኋል?» አለች። «ቀድማ ተቀበለችላችሁ። በሉ እጃችሁን ዘርጉ። እታለም፣ ቀጥዪ።»

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፍቶብኛል። የእህቴም ቃላት ጠፉ። የቀረኝ መንገዱ ራሱ ነው። ዓይኔን ጨፈንኩና ከመርሳ ወልዲያ ያለውን አሰብኩ፣ ቁልቁለቱን፣ ዝናብ የያዘኝን ቦታ፣ የማላውቃት ሴት በሯን ከፍታ ያስገባችኝን።

«ስትሄጂ ጥላ አትጪ» አልኩ።

«አሚን» አለች እህቴ፣ ብቻዋን።

«ዝናብ ሲይዝሽ ‹ግቢ› የሚልሽ ደጅ አትጪ። ደጅሽ ደግሞ ለማታውቂው ሰው ‹ግቢ› ማለት አይሰልቸው።»

«አሚን።» አሁን ሌሎቹም አሉ።

«የምትሄጂበት ይወቅሽ። የመጣሽበት አይርሳሽ። እግርሽ ቢረዝም ልብሽ አይጥፋ።»

«አሚን!»

«ከማንም ጎን ስትቀመጪ... ከማንም ጎን ስትቀመጪ አያሳንስሽ።»

እዚህ ላይ ድምፄ ተሰበረ። ይህ ምርቃት ለማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። እህቴም ያወቀች ይመስለኛል፤ ከሁሉም አርዝማ «አሚን» ያለችው ለእሱ ነው።

ልጅቱን ሸኘናት። ያንን ቀን መኪናው ሲሄድ ጥያቄውን አላነሳሁም፤ እንዲያው እንዳላነሳሁት የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከሳምንታት በኋላ እግሬ ተነሳና ወልዲያ ሄድኩ። ያቺው የልጅ ልጄ በሯን ከፍታ፣ ገና ደረጃው ላይ ሳለሁ «ግቡ፣ ግቡ» አለችኝ። ውሃ አጠጣችኝ፤ ከዚያ ስልኳን አምጥታ «እማማ፣ የኒካሁ ቪዲዮ እኮ አለ፣ ዓረብ አገር ያሉት ሁሉ አይተውታል» አለች።

«የእኔንም?»

ስልኩን ጠረግ አድርጋ ከፈተችልኝ። የእህቴ የመጀመሪያው ምርቃት ጥርት ብሎ ይሰማል፤ እያንዳንዱ ቃል። ለእሱ ነው አሉ የጅዳዎቹ ያለቀሱት። ሆዴ እንደለመደው ትንሽ ቀና። ከዚያ እኔ መደቡ ላይ ተቀምጬ ታየሁ፤ አፌ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የሚሰማው ግን ከግቢ የመጣ ነው። «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ ሁለት፣ ሄሎ!» ሞንታርቦውን የሚሞክሩት ልጆች ናቸው። «ጥላ» ባልኩበት ላይ «አንድ ሁለት»፣ «ደጅ» ባልኩበት ላይ «ሄሎ»። በሞንታርቦም እንደምቀና ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

በየመሃሉ ግን ገመዱ እንደተቋረጠ ዓይነት ጫጫታው ይቆማል፣ ያኔ አንድ ድምፅ ይሰማል። ከፍም አይል፣ ዝቅም አይል።

«አሚን።»

«የሚሰሙት እኮ እምዬ ናቸው» አለች ልጅቱ፣ አዝናልኝ። «የእርስዎን አልያዘውም።»

«አውቃለሁ» አልኳት። «ወደ ኋላ መልሺልኝ።»